የአራስ ቤት ሸንጎ

አራስ ያለችበት ቤት በር አይዘጋም። ዘመድ አዝማዱ፣ ጎረቤቱና የዕድሩ ሰው፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውና የነፍስ አባቱ ሳይቀር «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባና ሲወጣ ይውላል፤ እያንዳንዱም እንግዳ ከመቀመጫው ጫፍ አረፍ ብሎ፣ የገንፎውን መምጣት በጎን ዐይኑ እየተጠባበቀ፣ ስለ አራሷ ደኅንነት ጥቂት ከጠያየቀ በኋላ ፊቱን ወደ ሕፃኑ ይመልስና፣ በሌላው ጊዜ ከቶ የማይታወቅበትን የሐኪምነት ማዕርግ በገዛ እጁ ለራሱ ሰጥቶ ፍርድ መስጠት ይጀምራል። አንዱ «ሆዱ ነፋ ብሏል» ሲል ሁለተኛው «ሆዱስ ደኅና ነው፤ አተነፋፈሱ ግን አላማረኝም» ይላል፤ ሦስተኛይቱም የሁለቱን አላዋቂነት በከንፈሯ መጠጣ ከገለጠች በኋላ፣ ወልዳ ያሳደገቻቸውን ልጆች አንድ በአንድ በምስክርነት እየጠራች የመጨረሻውን ቃል ታሳርፋለች። በዚህ ሸንጎ ድምፅ የተነፈጋቸው ፍጡራን ሕፃኑና አባቱ ብቻ ናቸው፤ ሕፃኑ እንኳ ቢከፋው ማልቀስ ይፈቀድለታል።

የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደ ሰሞን የእኔም ዕጣ ይኸው ነበር። በመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ እየመራሁ፣ ማኅተም እያስመታሁ፣ ባለጉዳይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው ነበርሁ፤ ልጄ ከተወለደ ወዲህ ግን ማዕርጌ ተገፍፎ በገዛ ቤቴ ተላላኪ ሆንሁ። «ሙቅ ውኃ አምጣ»፣ «ይህስ ፈጀ፤ ለብ ያለ ነው ያልነው»፣ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል»፣ «ኧረ ክፈተው፣ ልጁ ታፈነ» የሚሉት ትእዛዞች ከሦስት አፍ ባንድ ጊዜ ስለሚወጡ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ በመካከሉ ከመቆም በቀር ሁሉንም የሚያስደስት ብልሃት አልተገኘልኝም።

ለመናገሩስ፣ የአራስ ሕፃን ሕማም የሚመስለው ነገር ብዙው ሕማም አይደለም። ሕፃን ሲተኛ እንደ ትልቅ ሰው በልክ አይተነፍስም፤ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ጥቂት ከተነፈሰ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያህል ጸጥ ይላል፤ ከዚያም ምንም እንዳልተደረገ እንደገና ይቀጥላል። ሐኪሞች ይህ የባሕርዩ ሥርዓት መሆኑን ያውቃሉ፤ አዲስ አባት ግን በእኩለ ሌሊት ከመኝታው ተነሥቶ፣ ጆሮውን ከሕፃኑ አፍንጫ ሥር ደቅኖ ያቺን ጸጥታ ሲያዳምጥ ዐሥሩ ሰከንድ ዐሥር ዓመት ይሆንበታል። መታገሥ ሲያቅተው በጣቱ ጫፍ ነካ ያደርገዋል። ሕፃኑም ይባንንና ይጮኻል፤ እናቱ ከእንቅልፏ ትነሣለች፤ አያቱ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ከወዲያኛው ክፍል «ምን አደረጋችሁብኝ?» እያሉ ይመጣሉ፤ አባትም ልጁ በሕይወት መኖሩን በማረጋገጡ በልቡ ደስ እያለው በግልጥ ግን ጥፋተኛ ተብሎ ያድራል።

ስቅታም እንዲሁ ነው። ልጁን ስቅታ በያዘው ጊዜ አማቴ ከነጠላቸው ጫፍ አንዲት ክር መዘዙ፤ በምራቃቸው አረጠቧት፤ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ካድቦለቦሏት በኋላ ከግንባሩ መካከል ለጠፏት። ስቅታውም ጥቂት ቆይቶ ተወው። እኔም ስቅታ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ የሚሄድ ነገር ነው ለማለት አፌን ስከፍት፣ ክሯ ከግንባሩ ላይ ተለጥፋ ስለታየችኝ መልሼ ዘጋሁት፤ ማስረጃው በእርሳቸው እጅ ነበርና።

ደግሞ ሌላ ቀን ወንዱ ልጄ ጡቱ አብጦ ተገኘ። ከእናቱ ደም የወረሰው ንጥረ ነገር በወንዱም በሴቲቱም ሕፃን ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ማምጣቱ የተለመደ ነው፤ ካልነኩት በራሱ ጊዜ ይሟሽሻል፤ ቢጨምቁት ግን ሊያመረቅዝ ይችላል። ሸንጎው ግን ይጨመቅ ሲል ወሰነ። በእርግብግቢቱ ላይ ቅቤ ስለ መቀባቱ፣ ለጋ ቅቤም ስለ ማስዋጡ የቀረቡትን ሐሳቦች እዚህ ላይ አልዘረዝርም፤ ባለቤቴ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም ነገር በአፉ አይገባም ብላ አራስ ነብር ሆና እንደ ተነሣች፣ ቅቤውም የመጣው ለእርሷ ገንፎ ነው ተብሎ ነገሩ በዕርቅ እንዳለቀ ብቻ እናገራለሁ።

ከክርክሩ ሁሉ የገነነው ስለ መልኩ የተደረገው ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን መልኩ ቶሎ የማይለይ ስለሆነ፣ ወደፊት ቀይ ይሁን ጠይም ለማወቅ የፈለገ ሰው የጆሮውን ጫፍና የጥፍሩን ሥር ይመረምራል፤ በዚህም ምክንያት የልጄ ጆሮ በእነዚያ ቀኖች በብዙ ጣት ተቆለመመ። የእናቱ ወገኖች «ቀይ ነው፤ የእኛ ዘር ነው» አሉ። እኅቶቼ ደግሞ ጆሮው ጠይምነቱን እንደሚመሰክር፣ ጆሮም እንደማይዋሽ ገልጠው ተቃወሙ። ጥቂት ቀን ሲያልፍ ግን ልጁ እየፈካ፣ እየፈካ መጣና ክርክሩ ለእናቱ ወገን ተፈረደ። «እዩት እስቲ፣ ወርቅ መሰለ!» ተባለ። ታላቅ እኅቴም «የእኛም አያት እኮ ቀይ ነበሩ» ብላ ሽንፈቷን ወደ ድርሻ ለወጠችው። ሁላችንም ተደስተን ነበር። ሕፃኑ ብቻ በዚህ ደስታ አልተካፈለም፤ ቀድሞ በየሰዓቱ እየጮኸ ጡት ይለምን የነበረው አሁን ጡት በአፉ እንደ ገባ ያንቀላፋ ጀመር፤ ይህም በጨዋነቱ ተመዘገበለት።

ሸንጎው በአንድ ድምፅ ያመሰገነው ያ ቅላት ሕማም መሆኑን የደረሱበት፣ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ዐይናቸው የደከመ አንዲት ባልቴት ናቸው። እንደ ሌላው ሰው ከተቀመጡበት ሆነው ማየት ስለማይችሉ «እስቲ ወደ ብርሃን አምጡልኝ» አሉ። ምች እንዳይመታው ተብሎ መጋረጃው ከልጁ መግባት ወዲህ አልተገለጠም ነበርና፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁላችንም የልጁን መልክ የመረመርነው ራሱ ቢጫ በሆነ አምፖል መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም። መጋረጃው ሲገለጥ ባልቴቷ ልጁን በክንዳቸው ታቅፈው፣ የዐይኑን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉና ነጩን ተመለከቱት፤ ነጩ ነጭ አልነበረም። ከዚያም ቀና ብለው «ልጆቼ፣ ይህ ቅላት አይደለም፤ የወፍ በሽታ ነው» አሉ።

ምርመራው ያለ ነቀፋ ነው። የበሽታው መነሻ ግን በባልቴቷ ትምህርት መሠረት የሌሊት ወፍ ነበረች፤ በሌሊት ውጭ ባደረ የሕፃን ጨርቅ ላይ ስትበር ጥላዋ ወይም ሌላ ነገሯ ያርፍበታል። «ጨርቁን ውጭ ያሳደረው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ገና ሳይነሣ የሸንጎው ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ጨርቅ ማስጣት በዚያን ሰሞን ከተውልኝ ጥቂት ሥልጣኖች አንዱ ነበርና። እኔም ራሴን ለመከላከል ጊዜ ሳላጠፋ ታክሲ ልጠራ ሮጥሁ፤ ከዚያ ቤት በዚያ ሰዓት መውጣት ራሱ ታላቅ ዕረፍት ነበር።

በሐኪም ቤት ነርሷ ልጁን አስተኝታ የአፍንጫውን ጫፍ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ደሙ ለአንድ አፍታ ሲሸሽ ከሥሩ ያለው ቆዳ ቢጫ ሆኖ ታየ። ቀጥላ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ጭኑን እንዲሁ እየተጫነች ወረደች። ቢጫነቱ ከራስ ተነሥቶ ወደ እግር ይወርዳል፤ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ መጠኑ እጅግ ከፍ ብሏል ማለት ነው። የእኛው ከጉልበቱ በላይ ቆሞ ተገኘ። ከተረከዙም ደም ተወሰደለት፤ ልጁ ጮኸ፤ እኔም ወንበር ጠየቅሁ።

ሐኪሙ እንዳስረዱን የሌሊት ወፏ በነገሩ የለችበትም። ሕፃን በእናቱ ማሕፀን ሳለ የሚይዘው ቀይ የደም ሕዋስ ከእኛ የበዛ፣ ዕድሜውም ከእኛ ያጠረ ነው። ይህ ደም ሲፈርስ ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ይወጣዋል፤ ይህንንም ተቀብሎ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት መስደድ የጉበት ሥራ ነው። በማሕፀን ሳለ እናቱ ታጣራለት ነበር፤ ከተወለደ በኋላ ግን በራሱ ጉበት ስለሚተዳደር፣ ጉበቱም ገና ስላልጠነከረ፣ ቢጫው ነገር ከቆዳው ሥር ይከማቻል። ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 60 ያህሉ፣ ያለ ጊዜያቸው ከሚወለዱት ደግሞ 80 ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። ብዙውን ጊዜ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይታያል፤ በ4ኛውና በ5ኛው ይበረታል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ያለ መድኃኒት ይጠፋል። አዘውትሮ የሚጠባ ሕፃን ከዐይነ ምድሩ ጋር ቢጫውንም ስለሚያስወጣው፣ የእናት ጡት ለዚህም ፈውስ ነው። ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ቢሊሩቢኑ ወደ አንጎል ይዘልቅና መስማትን የሚነሣ፣ የአካልን እንቅስቃሴ የሚያውክ፣ እስከ ዕድሜ ልክ የማይድን ጉዳት ያደርሳል። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ እጄን ጨብጣ ነበርና ቀለበቴ ጣቴን ቆረጠኝ።

ልጃችንም ከመብራት ሥር ተኛ። ከሽንት ጨርቁ በቀር ምንም ሳይለብስ፣ ዐይኖቹ ብርሃኑ እንዳይጎዳቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው፣ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ዘርግቶ በሰማያዊ ብርሃን ተነክሮ ስናየው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ምንም ጭንቀት የሌለበት እርሱ ብቻ መሆኑ ታወቀን። አንዳንድ ጊዜ በግራ እጁ ሽፋኑን ይገፋና አንድ ዐይኑን ያወጣል፤ ነርሷ ትመልስለታለች፤ እርሱም ጥቂት ታግሦ እንደገና ይገፋዋል። አማቴ ከበሩ አጠገብ ቆመው ውዳሴ ማርያም እየደገሙ፣ በየምዕራፉ መካከል «ራቁቱን! ብርድ ይመታዋል እኮ» ይላሉ።

እኛ አባቶች ደግሞ ኮሪደሩ ላይ በተደረደሩት ወንበሮች ተሰብስበን ሌላ ሸንጎ አቆምን። ሰው በስሙና በማዕርጉ አይጠራም፤ የሚታወቀው በልጁ የቢሊሩቢን ቁጥር ነው። «የእናንተ ስንት ገባ?» «ትናንት 17 ነበር፤ ዛሬ 14 ወረደ።» «ተመስገን! የእኛስ ከትናንቱ ንቅንቅ አላለም» እየተባባልን፣ በማለዳ የጤፍ ዋጋ እንደሚጠያየቁ የእህል በረንዳ ሰዎች የመውጫ የመውረጃውን ነገር ስንከታተል እንውላለን። ቁጥሩ የወረደለት ሰው ዳቦ ገዝቶ ያካፍላል። የወጣበትን ግን ማንም ብዙ አያናግረውም፤ ቦታ ብቻ ይለቁለታል፤ ይህን ሥርዓት ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም ዐወቅነው።

በዚህ መካከል አማቴ ሐኪሙን አስቁመው ጠየቋቸው፦ «ለመሆኑ ጌታዬ፣ ይህ መብራት የሚሠራው የማንን ሥራ ነው?» ሐኪሙም «የፀሐይን ብርሃን ሥራ ነው እናቴ» አሉ። «እንኪያስ ፀሐይ እያለች!» አሉ አማቴ፤ ዞረውም እኔን ተመለከቱኝ፤ የሆስፒታሉን መብራት ያቆምሁት እኔ እመስል ነበር። ሐኪሙ ግን ፈገግ ብለው አንድ ታሪክ አወጉን።

በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ፣ ሮችፎርድ በተባለው ሆስፒታል፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት ክፍል የምታስተዳድር ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ነበረች። ከታፈነ ክፍል ይልቅ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ይሻላል የሚል እምነት ስለ ነበራት፣ ቀኑ ሲሞቅ ሕፃናቱን ወደ ግቢው ታወጣቸው ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ከዕለታት አንድ ቀን ሐኪሞቹ ሊጎበኙ ሲመጡ አንድ ሕፃን ገልጣ አሳየቻቸው፤ ገላው ፈዘዝ ያለ ሆኖ ሳለ ባንድ በኩል ግን ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ድንበሩ የታወቀ ደማቅ ቢጫ ምልክት ነበረበት። ከሐኪሞቹ አንዱ መድኃኒት የቀባችው መስሎት ምን እንደ ቀባችው ጠየቃት። እርሷም እያፈረች፣ ሕፃኑ መላ ገላው ቢጫ እንደ ነበረ፣ ፀሐይ ያገኘው እንደ ፈዘዘ፣ ያ ሦስት ማዕዘን ግን የአንሶላው ጫፍ የሸፈነው ቦታ መሆኑን ነገረችው። ጥቂት ቆይቶም በመስኮት ፀሐይ ላይ የተረሳ የደም ብልቃጥ ሲመረመር ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ክሬመር የተባለው ሐኪምና ጓደኞቹ ነገሩን አጥንተው መብራቱን ሠሩ፤ በ1958ም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አሳወቁ።

ሐኪሙ ታሪካቸውን በዚህ አልጨረሱም፤ የጠዋት ፀሐይ ለአጥንት መልካም ቢሆንም የበረታ ቢጫነትን በእርሷ ላክም ማለት እንደማይገባ፣ ፀሐይ መጠኗ ስለማይለካ ለስላሳውን ቆዳ እንደምታቃጥል፣ ጥላም ሲመጣ ራቁቱን የተኛው ሕፃን እንደሚበርደው፣ መብራቱ ግን ከብርሃኑ ሁሉ የሚጠቅመውን ሰማያዊውን ለይቶ በልክ እንደሚሰጥ በትዕግሥት አብራሩ። አማቴ ይህን ሁለተኛውን ክፍል አልሰሙትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ልጅን ፀሐይ ማሞቅ እንግሊዞች ከእኛ የወሰዱት ጥበብ መሆኑን ሐኪሙ በአንደበታቸው እንደ መሰከሩላቸው ይናገራሉ። እኔም አላረምኋቸውም፤ ነገሩ ከግማሽ በላይ እውነት ነውና፣ ደግሞም አማት ናቸው።

አሁን እየሳቅሁ ብጽፈውም፣ በአራስ ቤት የሚያድረው ፍርሃት ከንቱ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልስማማም። በ2019 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ ይናገራል። እናቶቻችን አራስን ከክፉ ዐይን የሚሰውሩት፣ መጋረጃ የሚጋርዱት፣ ክር የሚለጥፉት የብዙ ትውልድ ኀዘን አስተምሯቸው ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ፍርሃታቸው ሥፍራውን መሳቱ ነው፤ ስቅታውን፣ ማስነጠሱን፣ ገላው ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋውን ሽፍታ እየፈሩ፣ ጡት ሳይጠባ የሚያንቀላፋውን ልጅ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ብለው ይመርቁታል። የሚጮኽ አራስ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው።

ልጃችን በሰላም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቢጫው እየለቀቀ ሲሄድ ከሥሩ ያለው መልክ ብቅ አለ፤ ጠይም ነበር። ታላቅ እኅቴ ጆሮው አስቀድሞ እንደ ነገራት አስታወሰችን፤ ስለ ቀዩ አያታችንም ከዚያ ወዲያ አላነሣችም። ባልቴቷ ሊጠይቁት ሲመጡ ከሁሉ በላይ በክብር ተቀመጡ፤ ከመቀመጣቸውም በፊት የሽንት ጨርቁ በሌሊት ወደ ቤት እየገባ መሆኑን ጠየቁኝ። ይገባል አልኋቸው።

አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ ወገኖቼ ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሕፃኑን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ ስለ መልኩም ከመፍረዳችሁ በፊት መጋረጃውን ገልጣችሁ የዐይኑን ነጭ በቀን ብርሃን ተመልከቱ። ቢጫነቱ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ታይቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ከሁለት ሳምንት አልፎ እንደ ሆነ፣ ወይም መዳፉና ውስጥ እግሩ ደርሶ እንደ ሆነ፣ ወይም ልጁ ጡት እምቢ ብሎ ከመጠን በላይ አንቀላፍቶ እንደ ሆነ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት እንዲወስዱት ንገሯቸው። የጆሮው ነገር እስከ ክርስትናው ቀን ይቆይ።